ባሕር የሌላት ወደብ

ወደብ የሚለው ቃል ሲነሣ በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው ባሕርና መርከብ ነው። ነገር ግን የወደብን ሥራ ስንመረምረው፥ ዕቃ ከአንዱ ማመላለሻ ወርዶ በሌላው የሚጫንበት፥ ቀረጥ የሚከፈልበት፥ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎች ተገናኝተው የሚገበያዩበት፥ በመጨረሻም አብረው የሚኖሩበት ስፍራ ሆኖ እናገኘዋለን። በዚህ መለኪያ ከሆነ፥ ከጅቡቲ በሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ድሬ ዳዋ እውነተኛ ወደብ ናት። ይህችን ከተማ ሊጎበኝ የሚመጣ ሁሉ የሚያየውን በሚገባ እንዲያስተውል ታሪኳን ከመሠረቱ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ድሬ ዳዋ ከመቈርቈሯ በፊት የሐረር የባሕር በር ዘይላ ነበረች። ዘይላ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ዝነኛው የሞሮኮ ተጓዥ ኢብን ባጡታ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎብኝቷት ነበር፤ ታላቅ ገበያ ያላት መሆኗን ከመሰከረ በኋላ፥ በዓሣው ብዛትና በየመንገዱ በሚታረደው ግመል ምክንያት ሽታዋ እጅግ የከፋ ነው ብሎ ጽፏል። በ1509 ዓ. ም. ፖርቱጋሎች አቃጠሏት፤ ሆኖም ንግዱ መንገዱን ስላልለወጠ ከተማዪቱ ከዓመድ ተነሥታ እንደ ገና ቆመች። ከሐረር ቡና፥ ቆዳ፥ የዝሆን ጥርስና ዝባድ፥ ከባሕሩም ጨርቅና ልዩ ልዩ ዕቃ የጫነ የግመል ቅፍለት በበረሃው ይመላለስ ነበር። የመንገዱ ኬላ ጀልዴሳ ነበረች። ግመል ዳገቱን ስለማይችለው፥ ወደ ሐረር የሚወጣው ጭነት በጀልዴሳ ወርዶ በአህያና በበቅሎ ይጫን ነበር።

ይህን የቆየ ሥርዓት የለወጠው የምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ. ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግና ለፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ. ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው አሳብ ሐዲዱ ሐረር ከተማ ድረስ እንዲወጣ ነበር፤ ነገር ግን ተራራው ቀጥ ያለ፥ ወጪውም ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ. ም. ባቡሩ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ። ሕዝቡ ግን የቀድሞ ስሙን አልተወውም፤ ኦሮሞውም ሶማሌውም እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ስም ትርጕም እያንዳንዱ በየቋንቋው ይተርከዋል። የከተማው የመጀመሪያ ገዥም፥ ቀደም ሲል የጀልዴሳ ሹም የነበሩት አቶ መርሻ ናሁሰናይ ሆኑ።

ከዚህ በኋላ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ፉክክር ምክንያት ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ. ም. ሲሆን የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ያ የመቆም ጊዜ ለኩባንያው ኪሣራ ቢሆንም ለድሬ ዳዋ ሲሳይ ሆነላት። ባቡሩ የሚደርሰው እስከ እርሷ ብቻ ስለ ነበረ፥ ወደ መሐል አገር የሚሄደው ዕቃ ሁሉ በእርሷ ዘንድ ከፉርጎ እየወረደ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። በዚህም ምክንያት የጀልዴሳ ኬላ ተዳከመ። ዘይላም በእሳት ያልሞተችው በሐዲድ ሞተች፤ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ስለ ዞረ የቀድሞ ክብሯ አልተመለሰላትም።

ዛሬ ድሬ ዳዋን የሚጎበኝ ሰው ይህን ታሪክ በመንገዶቿ ላይ ጽፎ ያገኘዋል። ከደቻቱ በአንደኛው ወገን ከዚራ አለች። እርሷ የባቡሩ ኩባንያ በዕቅድ የሠራት ሠፈር ስለ ሆነች መንገዶቿ ቀጥ ያሉ፥ ዛፎቿም ጥላ የሚሰጡ ናቸው፤ የባቡር ጣቢያውና የጥገና ሥራ ቤቱም በዚያው ወገን ይገኛሉ። ማዶ ደግሞ ነጋዴውና ሠራተኛው እንደ አመቸው የሠራት መጋላ አለች፤ መንገዷ ጠመዝማዛ፥ ሱቋም የተጠጋጋ ነው። በቀፊራ ገበያ ኦሮምኛ፥ ሶማልኛ፥ አማርኛ፥ ሐረሪኛና ዐረብኛ በአንድ ሚዛን ፊት ሲነገሩ ይሰማል። የግሪክ፥ የአርመን፥ የህንድና የየመን ነጋድያን በዚህ ኖረዋል። ከቡና ገለባ የሚፈላው ሆጃና ጣፋጩ ሙሸበክ የማን እንደ ሆኑ የሚጠይቅ የለም፤ የሁሉም ናቸው። በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የተመሠረተው በዚህችው ከተማ ነው። በ2015 ዓ. ም. ያረፈው ዕውቁ ድምፃዊ አሊ ቢራም ከዚያ ቡድን የወጣ የድሬ ዳዋ ልጅ ነበር። የወደብ ባህል ማለት ይህ ነው፤ ሰው የራሱን ሳይተው የጎረቤቱን ይማራል።

ከተማዪቱ መከራም አላጣትም። በሚያዝያ 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ በዚህ ሐዲድ አለፉ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም የኢጣልያ ጦር ገባባት፤ እስከ 1933 ዓ. ም. ድረስም ቆየባት። በነሐሴ 1969 ዓ. ም. የሶማልያ ጦር ሊይዛት መጥቶ ከበሯ ላይ ተመለሰ። በ1998 ዓ. ም. ክረምት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ። ስለዚህ ድልድዩን የሚሻገር ጎብኝ አሸዋውን አይቶ ወንዙን እንዳይንቀው ይገባል።

አሁን ግን ሌላ ጥያቄ በፊታችን ቆሟል። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አሮጌው ባቡር ቆሟል። በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ መንገደኛውም እንደ ቀድሞው በከዚራ ዛፎች ሥር አይወርድም። እንግዲህ ድሬ ዳዋ እንደ ዘይላ ትሆን ይሆን? አገራችን ከ1985 ዓ. ም. ጀምሮ የባሕር በር የሌላት በመሆኗ፥ አብዛኛው ንግዷም በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፥ ከተማዪቱ በመንገዱ ላይ ያላት ስፍራ ገና አልተወሰደባትም። ደረቅ ወደቧም፥ በ2014 ዓ. ም. የተከፈተው ነጻ የንግድ ቀጠናም ይህን ይመሰክራሉ። ነገር ግን በመንገድ ብቻ የሚኖር ከተማ መንገዱ በዞረ ቀን ይራባል። ዘይላ ከንግዱ በቀር የሚያቆያት ሌላ ሥራ አልነበራትም፤ ድሬ ዳዋ ግን የፋብሪካ፥ የትምህርትና የእጅ ጥበብ ከተማ ልትሆን ትችላለች፤ ጀምራውማለች።

ከዚህም ጋራ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት አለ። የአሮጌው ጣቢያ ሕንፃና የሥራ ቤቱ መኪናዎች የድንጋይና የብረት ክምር ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የመካኒክነትን፥ የብረት ቅጥቀጣንና የጽሕፈት ሥራን የተማሩባቸው ትምህርት ቤት ነበሩ። በዚያ ያገለገሉት ሽማግሌዎች ከዓመት ወደ ዓመት እያነሡ ይሄዳሉ። እኛ ተማሪዎች ሽማግሌዎቹን ቀርበን ጠይቀን የሚነግሩንን በደብተራችን ብንጽፍ፥ ብረቱ ቢዝግ እንኳ ዕውቀቱ አይዝግም። ዘይላን የጎበኙ እንግዶች ስለ እርሷ ጽፈውላታል፤ የድሬ ዳዋን ታሪክ መጻፍ ግን ለእንግዳ የሚተው ሥራ አይደለም፥ የልጆቿ ነው።