«በረደኝ» እና «ይቻላቸዋል»፦ ስለ ውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ አንድ የሰዋስው ማስታወሻ



ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ሲና ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ የሚገኘውን ጣርማ በርን ሲያልፍ ጋቢውን እየሰበሰበ «በረደኝ» ይላል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎውን ገዝቶ፣ ቁልቁለቱን ጨርሶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ያው ሰው «ሞቀኝ» ብሎ ጋቢውን ያወልቃል። በሁለቱም ግሦች ውስጥ መንገደኛው ባለቤት አይደለም። ግሡ የሚናገረው ስለ አንድ ስም የለሽ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ሰውየው በመጨረሻዋ «ኝ» ውስጥ ተሳቢ ሆኖ ተቀምጧል። ብርዱ የደረሰበት እንጂ ብርዱን ያደረገ አይደለምና። ራበኝ፣ ጨነቀኝ፣ ደከመኝ፣ ይመስለኛል፤ ሁሉም የዚህ ቤተ ሰብ ናቸው።

ተማሪ ሳለሁ ይህን አገባብ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ወስጄ «ኢት ኮልድስ ሚ» ብዬ ጻፍሁ። መምህሬ በቀይ ቀለም ሰርዘው፣ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማያውቅ ነገሩኝ። ስለ ዛሬው እንግሊዝኛ ትክክል ነበሩ። ስለ ታሪኩ ግን አልነበሩም። የጥንቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲርበው ራሱን ተሳቢ አድርጎ ይናገር ነበር፤ «ይመስለኛል» ለማለትም በሼክስፒር ዘመን ሳይቀር «ሚቲንክስ» ይባል ነበር፤ ያቺ «ሚ» የእኛዋ «ኝ» ናት። እንግሊዝኛ ይህን አገባብ ቀስ በቀስ ጣለው፤ የራበውም የበረደውም ሰው «አይ» ብሎ የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት እንዲሆን አስገደደ። እግረ መንገዴን ልጥቀስ፤ በይፋት ገበያዎች ከአማርኛ ጎን የሚሰማው ኦሮምኛም «ና ቤላኤ» ሲል «ራበኝ» ማለቱ ነው፤ «ና» ማለት «እኔን» ነው። በእኛ አካባቢ እንግዳው እንግሊዝኛ ነው።

ይህ ጉዳይ የሰዋስው መምህራን ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ በታሪክ ጉባኤ ላይ አላነሣውም ነበር። ከጣርማ በር በስተደቡብ፣ በዚያው የገደል አፋፍ፣ አንኮበር አለች፤ በአቅራቢያዋም ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለጣሊያን የመልክዓ ምድር ማኅበር የሰጡት ልጥ ማረፊያ ይገኛል። ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ሸዋ መጣ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ውሉን ከምኒልክ ጋር የተፈራረመው እርሱ ነው። 17ኛው አንቀጽ በሁለቱ ቋንቋዎች ሁለት ነገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የምንሰማው አማርኛው «ይችላል» ሲል ጣሊያንኛው «ይገባዋል» ይላል የሚል ነው። እኔም ይህንኑ ለብዙ ዓመት አስተምሬአለሁ።

ሁለቱን ጽሑፎች ግን ጎን ለጎን አድርገን እናንብብ። ጣሊያንኛው ውስጥ «ይገባዋል» የሚል ግሥ የለም። ያለው «ኮንሴንቴ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ለመገልገል «ይስማማሉ» ወይም «ይፈቅዳሉ» እንደማለት ነው። አማርኛውም «ይችላሉ» አይልም፤ «ይቻላቸዋል» ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ይችላሉ» ቢባል ኖሮ ንጉሠ ነገሥቱ ባለቤት በሆኑ ነበር። በ«ይቻላቸዋል» ግን ባለቤቱ ራሱ ድርጊቱ፣ መላላኩ፣ ነው። ምኒልክ ያሉት «ቸው» ውስጥ ነው፤ በብዙ ቁጥር የተከበሩ ተሳቢ ሆነው። ነገሩ ለእርሳቸው ክፍት ነው፤ እርሳቸው ግን በዚህ ግሥ ምንም አላደረጉም፤ ቃል አልገቡም፣ እጅ አልሰጡም። መንገደኛው ጣርማ በር ላይ ብርዱን እንዳላደረገ ሁሉ ማለት ነው። በጣሊያንኛው በኩል ደግሞ ያው ሰው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ሆኖ ተነሥቷል፤ ግሡም የሚስማማ፣ ራሱንም የሚያስር ሰው ግሥ ነው። ግዴታው የመጣው «ይገባል» ከሚል ቃል አይደለም፤ የተዋዋይነቱን ቦታ ከመያዙ ነው።

ታዲያ «ይችላል» እና «ይገባዋል» የሚለው ንጽጽር ከየት መጣ? እኔ እንደማምነው ብዙው የመጣው ታሪኩ በእንግሊዝኛ ሲተረክ ነው። እንግሊዝኛ «ይቻላቸዋል»ን እንደወረደ የሚይዝበት የተለመደ ግሥ ስለሌለው «ሜይ» ይላል፤ «ሜይ» ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱን ባለቤት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ጽሑፎች አንድ ባለቤት ስላላቸው የሚለያቸው ረዳት ግሥ ብቻ ይመስላል፤ ለ«ሜይ» ተቃራኒ ሲፈለግም «መስት» ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ሰዋስው ልክ ተሰፋ፤ እኛም መልሰን ወደ አማርኛ ተረጎምነው።

ጣሊያንኛን ግን በዚህ ሰበብ ነፃ ማውጣት አይቻልም። ጣሊያንኛ የእኛን ዓይነት አገባብ ያውቃል፤ «ሚ ሴምብራ» ማለት «ይመስለኛል» ነው፣ «ሚ ፒያቼ»ም «ደስ ይለኛል»። «ሊ ኤ ፖሲቢሌ» ቢባል «ይቻለዋል» ማለት ነበር። መሣሪያው በእጅ ሳለ «ኮንሴንቴ» ተጻፈ። ሆን ተብሎ ነው ወይስ በቸልታ? ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ጽሑፍ አንቀጹን በጥብቅ መርምረዋል፤ ጣሊያናዊው ካርሎ ጂልዮም ተከራክረዋቸዋል። የአንቶኔሊን ልብ ሰዋስው አይከፍተውም። ሰዋስው ሊያሳይ የሚችለው የቋንቋ ድኽነት ለዚህ ልዩነት ማመካኛ ሊሆን እንደማይችል ነው።

ኢጣልያ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. በበርሊኑ ስምምነት 34ኛ አንቀጽ ተመርኩዛ፣ ኢትዮጵያ በውጭ ጉዳይዋ በእርሷ በኩል እንደምትላላክ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በመስከረም 1883 ዓ.ም. ለንጉሥ ኡምቤርቶ የላኩትን ተቃውሞ ከዚህ አንጻር እንደገና አንብቡት። የኢትዮጵያ ጉዳይ ስለ ወዳጅነት በኢጣልያ በኩል ሊፈጸም እንደሚችል መናገራቸውን አይክዱም። የሚክዱት ይህን ለማድረግ በውል ራሳቸውን ማሰራቸውን ነው።