ከቆዳ ሥር የሚቀበረው ፖርትና በካንሰር ሕሙማን ላይ የሚያስከትላቸው ችግሮች

የካንሰር ሕሙማን የኬሞቴራፒ መድኃኒት ለወራት በደም ሥር ስለሚወስዱ፣ የእጃቸው ደም ሥሮች በተደጋጋሚ መወጋት የተነሳ እየተጎዱና ለመርፌ እያስቸገሩ ይሄዳሉ። ይህን ችግር ለማቃለል ሙሉ በሙሉ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ፖርት የተባለ መሣሪያ ጥቅም ላይ ይውላል። አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆን ኒደርሁበርና ባልደረቦቻቸው ስለ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተሙት ጽሑፍ በዘርፉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው።

ፖርቱ ከቲታንየም ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ፣ የሲሊኮን ክዳን ያለው ትንሽ ቋት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ደረት ከቆዳ ሥር ይቀመጣል። ከቋቱ የሚነሳው ካቴተር የተባለ ቀጭን ቱቦ በትልቅ ደም መልስ ውስጥ አልፎ ጫፉ ልብ አጠገብ ይደርሳል።

መሣሪያው በሚተከልበት ወቅት ደም ቅዳ በስሕተት ሊወጋ፣ ደም ሊቋጠር ወይም በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ሊገባ ይችላል። መርፌውን በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ ማስገባት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ከተተከለ በኋላ ከሚከሰቱት ችግሮች ዋነኛው ኢንፌክሽን ነው። ኬሞቴራፒ ነጭ የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ፣ በቆዳ ላይ የሚኖሩ ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በመርፌው በኩል ገብተው ደምን ሊመርዙ ይችላሉ። ሆኖም የነጭ ሕዋሳቱ ቁጥር ሲያንስ መቅላትና መግል ላይታዩ ስለሚችሉ፣ ትኩሳት ብቻውን ምልክት ሊሆን ይችላል። በተለይ ፖርቱ በታጠበ ማግስት ወይም በዚያው ሰዓት የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት በቸልታ ሊታለፍ አይገባም።

ሁለተኛው ችግር የደም መርጋት ነው። የክንድ፣ የአንገት ወይም የፊት እብጠት ደም መልሱ መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። በካቴተሩ ጫፍ ላይ ስስ ሽፋን ሲፈጠር ደግሞ ፈሳሽ ይገባል እንጂ ደም አይመለስም።

ካቴተሩ በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መካከል ተጨቁኖ የሚሰበርበት ጊዜም አለ። የተሰበረው ቁራጭ ወደ ልብ ወይም ወደ ሳንባ ደም ሥር ሊሄድ ስለሚችል በአፋጣኝ መውጣት ይኖርበታል። መርፌው ከቦታው ከተንሸራተተ ደግሞ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያሉ መድኃኒቶች ከደም ሥር ውጪ ፈስሰው ሥጋን እስከመግደል ይደርሳሉ።

ከእነዚህ ችግሮች ብዙዎቹን በቀላል ጥንቃቄ መቀነስ ይቻላል። ባለሙያው እጁን ታጥቦ፣ ቆዳውን በፀረ ተሕዋስያን አጽድቶ፣ ለፖርት ተብሎ የተሠራውን ሁበር የተባለ መርፌ ሊጠቀም ይገባል። ከ10 ሚሊ ሊትር ያነሰ ሲሪንጅ ከፍተኛ ግፊት ስለሚፈጥር የተዘጋን ካቴተር በኃይል ለመክፈት መጠቀም አይመከርም። ከሁሉም በላይ ደም መመለሱ ሳይረጋገጥ ኬሞቴራፒ መስጠት አይገባም።

ሕክምና በማይሰጥባቸው ጊዜያትም ፖርቱ በሐኪም በተወሰነ ቀጠሮ መታጠብ አለበት። ታካሚው የሰውነት ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ከደረሰ፣ ክንዱ ካበጠ ወይም መድኃኒት ሲገባ የማቃጠል ስሜት ከተሰማው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ለሕክምና ባለሙያ ማሳወቅ ይኖርበታል። ፈጥኖ የተነገረ ምልክት ፖርቱን ብቻ ሳይሆን የታካሚውን ሕይወት ሊያድን ይችላል።