ሰንበትን ሻረ የተባለና ሰንበትን አከበሩ የተባሉ መምህራን

የባሌ ደጋ ልጅ ሆኖ የስንዴ እሸት ከመንገድ ዳር ቀጥፎ፣ በመዳፉ አሽቶ ያልቀመሰ አይገኝም። እኛም ከሮቤ ወደ ጎባ ስንመላለስ ይህን ሳናደርግ ያለፍንበት የእሸት ወራት የለም። ስለዚህ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የተጻፈውን ስናነብ ነገሩ በሩቅ አገር የተደረገ አይመስለንም። የጌታ ደቀ መዛሙርት በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት ቀጥፈው አሽተው በሉ፤ ዕለቱ ሰንበት ነበረና ፈሪሳውያን ተቈጡ። በእነርሱ አቈጣጠር መቅጠፍ እንደ ማጨድ፣ ማሸትም እንደ መውቃት ነበረ። ጌታም ዳዊት በተራበ ጊዜ የተቀደሰውን ኅብስት እንደ በላ አስታወሳቸው፤ እነርሱ ግን ሕግ አፍራሽ አድርገው ቈጠሩት። ባደገበት በናዝሬት ደግሞ ከተራራው አፋፍ ሊጥሉት እስኪነሡ ደርሰው ነበረ።

በአገራችን ታሪክ የዚህ ተገላቢጦሽ ይገኛል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ የተገፉት ሰንበትን ስላከበሩ ነው። እኒህ አባት በ13ኛው መቶ ዓመት በትግራይ ተወልደው፣ በሰራዬ ገዳም መሥርተው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ትምህርታቸውም ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር የሚል ነበረ፤ ለዚህም ዐሥርቱን ትእዛዛትና የሐዋርያትን ሲኖዶስ ይጠቅሱ ነበረ። ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት ግን የእስክንድርያን ሥርዓት ይዘው፣ ይህ የአይሁድ ልማድ ነው ብለው ተቃወሙ። ጳጳሳቱን በክፋት ብቻ መክሰስ አይገባንም፤ የተላኩበትን መንበር ሥርዓት መጠበቃቸው ነበረ። ፈሪሳውያንም ቢሆኑ ስለ ሕግ ቀንተው ነው። ሁለቱም ወገኖች የተሠራውን አይተው ፈረዱ እንጂ ስለ ምን እንደ ተሠራ አልጠየቁም።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ1337 ገደማ (በአውሮፓውያን አቈጣጠር) አገር ለቀው በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አድርገው አርመን ገቡ፤ በ1352ም በዚያው ዐረፉ። ገድላቸው ባሕሩን በመጐናጸፊያቸው ላይ ሆነው ተሻገሩ ይላል፤ ሠዓሊዎቻችንም ይህን መሳል ይወዳሉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ክህነት ተነፍገው፣ ተገልለው፣ እንደ ደብረ ማርያምና ደብረ ቢዘን ባሉ የሰሜን ገዳማት ተሰበሰቡ። የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስም በጳጳሱ በአቡነ በርተሎሜዎስ ጊዜ ታሰሩ። በ1404 ገደማ ዐፄ ዳዊት እንዲፈቱና ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። በመጨረሻም በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አደረጉ፤ ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤልም ቀዳሚት እንድትከበር ተስማሙ። መምህሩ ካረፉ 98 ዓመት ሆኖ ነበረ። ዛሬ ክርስቲያኑ ገበሬ ቅዳሜ በሬ ሳይጠምድ ሲውል፣ ነገሩ ይህን ያህል ስደት እንዳስከተለ የሚያስበው ምናልባት ጥቂት ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነው። እኒሁ የኤዎስጣቴዎስን ወገኖች የሰሙ ንጉሥ፣ በዚያው ዘመን የአባ እስጢፋኖስን ደቀ መዛሙርት አልሰሙም። እነዚህ መነኰሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም በማለታቸው እንደ መናፍቅ ተቈጥረው በብርቱ ተቀጡ። ታሪካቸው ግን በብራና ተጽፎ ቆየ፤ በዘመናችንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከግዕዝ ወደ አማርኛ መልሰውት፣ እኛ የባሌ ተማሪዎች ልናነበው ችለናል።