ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ፤ መንገዱ አጠረ፣ ዝግጅቱስ?



በዛሬው ዝግጅታችን ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናነሳለን። ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ ምን ያህል ይርቃል? በአየር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውሮፕላን ይህንን ርቀት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ጅዳ ከአዲስ አበባ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ የሰዓት ልዩነት እንኳ የለንም። በአዲስ አበባ ስንሰግድ ፊታችንን ወደ ሰሜን የምናዞረውም መካ በዚያው አቅጣጫ ስለምትገኝ ነው።

ይህ መንገድ ግን በአውሮፕላን የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ615 በመካ ግፍ የበዛባቸው ሶሓቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ፣ ባሕሩን ለመሻገር የተነሱት ከሹዓይባ ወደብ ነበር። ከእነርሱም መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነቢዩ ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። እኚሁ ዑስማን ኸሊፋ ከሆኑ በኋላ በ26ኛው ዓመተ ሂጅራ የመካ ወደብ ከሹዓይባ ወደ ጅዳ እንዲዛወር አደረጉ። ሐጃጆቻችን የሚያርፉባትን ከተማ የመካ በር ያደረጓት፣ በሐበሻ ምድር የተጠለሉት ሰው ናቸው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመናት አገራችን ሙስሊሞች ወደ ሐጅ የሚሄዱት በእግርና በቅፍለት ነበር። ወደ ምጽዋ፣ ወደ ታጁራ ወይም ወደ ዘይላ ይወርዳሉ፤ በዚያም ጀልባና ነፋስ ይጠብቃሉ። ጅዳ ሲደርሱም ወደ መካ ገና 75 ኪሎ ሜትር ያህል የግመል መንገድ ይቀራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ የሳምንታቱ ጉዞ ወደ ቀናት አጠረ። እ.ኤ.አ. በ1946 የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ሲጀምር ደግሞ ቀናቱ ወደ ሰዓታት የሚወርዱበት ዘመን መጣ። የዚያን ጊዜዎቹ አውሮፕላኖች በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይበሩ ስለነበር፣ የጅዳን ርቀት ለመሸፈን አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃቸው ነበር።

ውድ አድማጮች! ይህ ሁሉ የአላህ ጸጋ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። የቀድሞው ሐጃጅ መመለሱን እርግጠኛ ስላልነበረ ዕዳውን ከፍሎ፣ ኑዛዜውን ተናግሮ፣ ከጎረቤቱ ጋር አፉ ተባብሎ ይወጣ ነበር። የሐጅን ሥርዓትም ቀድመውት ከሄዱት ጋር እየተጓዘ ይማር ነበር። ረጅሙ መንገድ ራሱ መድረሳ ነበር።

ዛሬስ? ሁለት ሰዓት ተኩል ለምግብና ለእንቅልፍ እንኳ አትበቃም። ሚቃት የሚታለፈው በሰማይ ላይ ስለሆነ ብዙዎች የኢሕራም ልብሳቸውን ከአዲስ አበባ ለብሰው ይነሳሉ። ኒያውን ሳያውቅ አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሰው መቼ ሊማር ነው? የበደለውን ሰው ይቅርታ ሳይጠይቅ የሄደስ ከየት ሆኖ ሊጠይቅ ነው?

እንግዲህ አውሮፕላኑ ከመንገዱ ላይ የቀነሰልንን ወራት በቤታችን ልንሞላቸው ይገባል። ዕዳችንን እንክፈል፤ የሰው ሐቅ እንመልስ፤ የሐጅን ሥርዓት ከዑለማዎች እንማር። ያን ጊዜ በሁለት ሰዓት ተኩል ስንደርስ፣ አባቶቻችን በወራት ድካም ይዘውት ይደርሱ የነበረውን ልብ ይዘን እንደርሳለን ኢንሻአላህ።

አላህ ይወፍቀን፤ አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም።