እግሩ ተሻገረ፤ ልቡስ?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

የአዲስ አበባ ሰው «ልደታ ቀጠሮ አለኝ» ካለ ፍርድ ቤት ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የማስተምረው ታሪክ እንጂ ሕግ አይደለም። ግን ልደታ እየዋሉ ስለ ፍርድ አለማሰብ ይከብዳል። በተለይ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2004 ዓ.ም. የወሰነው የሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች ጉዳይ ሁሌም ያሳስበኛል። ስለ ሽብር ክሱ ብዙ ተብሏል። እኔ ማንሳት የፈለግኩት ከጎኑ የነበረውን፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለውን ትንሹን ክስ ነው፦ ያለ ፈቃድ ድንበር አልፎ መግባት።

መጀመሪያ ነገሩን ላስታውሳችሁ። ማርቲን ሺቢዬ ጋዜጠኛ፣ ዮሃን ፔርሶን ፎቶግራፍ አንሺ ናቸው። በሰኔ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ከሶማሊያ ተነስተው፣ ከኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ታጣቂዎች ጋር ሆነው፣ ያለ ቪዛ ወደ ኦጋዴን ገቡ። ከመንግሥት ጦር ጋር ግጭት ተፈጠረና ሁለቱም ቆስለው ተያዙ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኦብነግን አሸባሪ ብሎ ከፈረጀ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር ያለፈው።

ፍርድ ቤት ቀርበው ሲጠየቁ መልሳቸው ለሁለት የተከፈለ ነበር። ያለ ፈቃድ በመግባታችን ጥፋተኞች ነን፤ በሽብሩ ግን አይደለንም አሉ። የመጣነው ከአንድ የስዊድን ነዳጅ ኩባንያ ጋር በተያያዘ በአካባቢው ያለውን ሁኔታ ለመዘገብ ነው የሚል ነበር ክርክራቸው። በሽብር ተግባር ተሳትፈዋል የሚለው ክስ በማስረጃ እጥረት ወደቀ። ለአሸባሪ ድርጅት ድጋፍ መስጠትና ሕገ ወጥ መግባት የሚሉት ሁለቱ ቀሩ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2004 በሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ፤ ታኅሣሥ 17 ደግሞ እያንዳንዳቸው 11 ዓመት ተፈረደባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጉዞው አንድ ነው፣ ያው በረሃ፣ ያው እግር። ወንጀሎቹ ግን ሁለት ናቸው። ሁለቱን የሚለያቸው ሰዎቹ በልባቸው ያሰቡት ነገር ነው። ታዲያ ሕግ የሰውን ልብ እንዴት ያያል? ጥያቄው ዛሬ የመጣ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ።

በድሮው ኢትዮጵያ ለባዕድ ሰው የሚያስቸግረው መግባት ሳይሆን መውጣት ነበር። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እ.ኤ.አ. በ1490ዎቹ በዘይላ በኩል ገባ፤ አፄ እስክንድር በክብር ተቀበሉት። እሳቸው ሲሞቱ ግን ተከታዮቻቸው አላሰናብትም አሉ። ርስት ተሰጥቶት፣ ሚስት አግብቶ እዚሁ ቀረ። የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ሲመጡ ሽማግሌ ሆኖ አገኙት። የአፄ ፋሲል ዘመን ሲደርስ ነገሩ ተገለበጠ። በ1630ዎቹ ኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ከተባረሩ በኋላ፣ የምጽዋና የሱዋኪን የቱርክ ሹማምንት የካቶሊክ ቄስ እንዳያሳልፉ ስምምነት ተደረገ። በዚያ ዘመን በር ላይ የሚጠየቀው «ማን ነህ?» ነበር። «ምን አስበህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

በሌላ በኩል ስለ ሐሳብ የሚጠይቅ ሕግ አገራችን ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጽ የቅብጥ ሊቅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ሆን ብሎ የገደለን ሳያስብ ከገደለ ይለያል። መሠረቱ ኦሪት ነው። በዘዳግም እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበት ሰው ታስታውሱ ይሆናል። ለእሱ የመማፀኛ ከተማ ተለይቶለታል፤ ለነፍሰ ገዳይ ግን የለም። ሟቹ ያው ሟች ነው፤ የገዳዩ ልብ ግን ለየቅል ነው።

ይህን ሐሳብ በዘመናዊ መልክ ያስገባው በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። ሐምሌ 16፣ በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ታወጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1950፣ በድል በዓል ዕለት ሥራ ላይ ዋለ። (ቀን መምረጥ ያውቁበት ነበር!) ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግም መሠረቱን አልለወጠም። አንቀጽ 23 አንድ ድርጊት ወንጀል የሚሆነው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ይላል። ሕጋዊው ማለት አስቀድሞ የተጻፈ ክልከላ አለ ማለት ነው። ግዙፋዊው እጅ ወይም እግር የሠራው ነው። ሞራላዊው ልብ ያሰበው ነው። አንዱ ከጎደለ ወንጀል የለም። በቸልተኝነት የተሠራም ቢሆን የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲናገር ብቻ ነው።

በምሳሌ እንየው። ከኬንያ በኩል ያለ አንድ አርብቶ አደር የጠፋ በሬውን ሲፈልግ ሞያሌ አካባቢ ሳያውቀው ድንበሩን አልፎ ገባ እንበል። ክልከላው አለ። እግሩም ገብቷል። ግን ድንበር ማለፉን አላወቀም፤ ስለዚህ ሦስተኛው ፍሬ ነገር ጎደለ። ድንበር ማለፉን ካወቀና ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ብቻ ካላወቀስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም፤ ዳኛው ግን በቅን ልቦና የተሳሳተ መሆኑን አይቶ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሁሉንም አውቆ፣ በሬውን ብሎ ቢገባስ? ያኔ ሐሳቡ ተሟልቷል። በሬው ምክንያቱ ነው። ሕግ ምክንያትንና ሐሳብን ለይቶ ያያል። «ለምን ገባህ?» እና «አውቀህ ገባህ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

«የኢሚግሬሽን ጉዳይ እኮ የራሱ አዋጅ አለው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ፣ አዋጅ ቁጥር 354/1995 አለ። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 3፣ ሌላ አዋጅ በግልጽ ካልከለከለ በቀር የእኔ ጠቅላላ መርሆች በእሱም ላይ ይሠራሉ ይላል። ስለዚህ ድንበር ላይም ቢሆን ልብ ይጠየቃል።

ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ስሙ። ላርሶኔር የምትባል ፈረንሳዊት ከእንግሊዝ እንድትወጣ ታዝዛ ወደ አየርላንድ ሄደች። አየርላንድም አባረረቻት። የአየርላንድ ፖሊስ ይዞ በመርከብ ሆሊሄድ ወደብ ላይ ለእንግሊዝ ፖሊስ አስረከባት። ከዚያ ምን ተባለች? እንዳትገባ ተከልክላ ሳለ እንግሊዝ ውስጥ ተገኝታለች ተብላ ተከሰሰች! በራሷ ፈቃድ አልመጣችም፤ ፖሊስ ነው ያመጣት። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን «መገኘቷ» ይበቃል ብሎ ጥፋተኝነቷን አጸና። ሕግ ዐዋቂዎች ጥብቅ ኃላፊነት የሚሉት ይህን ነው፤ እግር ከተገኘ ልብ አይጠየቅም። የእንግሊዝ የሕግ ተማሪዎች እስከ ዛሬ እንደ መጥፎ ምሳሌ ይማሩታል።

ይህን የማነሳው ለወሬ አይደለም። በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ታላቅ ወንድሙ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲሄድ መንገድ ላይ ተይዞ ታስሯል። በሌሊት በጭነት መኪና ታጭቀው ሲጓዙ ደላላው «ገና አልተሻገርንም» ብሏቸው ነበር አሉ። ሲያዙ ሌላ አገር ውስጥ ናቸው። «ቲቸር፣ ወንድሜ መሻገሩን ሳያውቅ ወንጀለኛ ይባላል?» አለኝ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን የልጁ ጥያቄ የላርሶኔርም ጥያቄ ነው። ልጆቻችን የሚያልፉባቸው ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ማላዊ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር የነበሩ፣ የእንግሊዝን የሕግ ወግ የወረሱ አገሮች ናቸው። ዳኞቻቸው ሁሉ እንደ 1933ቱ ይፈርዳሉ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ልጁ በማያውቀው ቋንቋ «ያለ ፈቃድ ገብተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ካለ፣ ስለ ልቡ ማን ይጠይቅለታል? በእኛ አገር ተከሳሾች «ድርጊቱን ፈጽሜያለሁ፣ ጥፋተኛ ግን አይደለሁም» ሲሉ ሰምታችኋል አይደል? ብዙ ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ ግን ትልቅ የሕግ ዕውቀት ያለበት አባባል ነው እላለሁ። እግሬ አድርጎታል፣ ልቤ የለበትም ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንም አንድ ሰው አመነ የሚባለው የወንጀሉን ፍሬ ነገሮች በሙሉ ያለ ማወላወል ሲቀበል ነው ይላል። ግማሹን ያመነ አላመነም።

አሁን ወደ ስዊድናውያኑ ልመለስ። በመግባታቸው ጥፋተኛ መባላቸው ልክ ነበር፤ እነሱም አልካዱም። ቪዛ እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ፣ ድንበሩን ያውቃሉ፣ አውቀው ገቡ። «ለዘገባ ነው» የሚለው እንደ አርብቶ አደሩ በሬ ምክንያት ነው፤ ሐሳቡን አያጠፋውም። ጥያቄዬ ያለው በድጋፉ ክስ ላይ ነው። ድጋፍ ለመስጠት ማሰብ ያለ ፈቃድ ለመግባት ከማሰብ የተለየ ስለሆነ ለብቻው መረጋገጥ ነበረበት። ፍርድ ቤቱ የዘገባውን ክርክር ሳይቀበል ቀረ። ታጥቆ ከሚዋጋ፣ ከተፈረጀ ድርጅት ጋር አብሮ መግባትን ቀላል ነገር ነው አልልም፤ የትኛውም አገር መንግሥት ይደነግጣል። ግን ከማን ጋር እንደገባህ አይቶ ምን እንዳሰብክ መደምደም ከተጀመረ አደጋ አለው። በወረቀት ላይ ልብ ይጠየቃል እንላለን፤ በተግባር ልብን የምናነበው ከእግር ዱካ ላይ ይሆናል። ያኔ ጥብቅ ኃላፊነት ስሙን ቀይሮ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

ሁለቱ ሰዎች ጳጉሜን 5 ቀን 2004፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ከብዙ እስረኞች ጋር በይቅርታ ተፈቱ። በእስር ያሳለፉትን 438 ቀን የመጽሐፋቸው ርእስ አደረጉት። ኦብነግም በሰኔ 2010 ከአሸባሪነት መዝገብ ተሰረዘ። ፍረጃ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሕግ መርህ ግን እንደ ፖለቲካው አብሮ መለዋወጥ የለበትም።

አንድ ነገር ልጨምር። አውቆ የገባም ሰው አንዳንዴ የማይቀጣበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 31፣ ሕይወቱን ወይም ነፃነቱን የሚያሰጋ ነገር ሸሽቶ በቀጥታ የመጣ፣ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያቀረበና በቂ ምክንያት ያሳየ ስደተኛ ያለ ፈቃድ ገባህ ተብሎ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው በ1969 ነው። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት እዚሁ አዲስ አበባ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከ354/1995 በፊት የነበረው የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 271 ወጣ። በሩን የሚዘጋውና ለተጨነቀ የሚከፍተው ሕግ መንታ ሆነው ተወለዱ ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ ያጣው ወጣት በእግሩ ሱዳን ሲገባ ያስፈለገው ያ የተከፈተው በር ነበር። ያኔ ያለ ወረቀት የተሻገሩት የእኛው ወንድሞችና እህቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ይህን ጽሑፍ ከውጭ ሆነው እያነበቡ ይሆናል።

ስለዚህ የምለው ይህን ነው። ጋምቤላ ወይም ሞያሌ ላይ የተያዘ ባዕድ በዜና ስናይ «ገብቷል፣ በቃ ወንጀለኛ ነው» ለማለት አንቸኩል። የራሳችን ሕግ ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ እኛም ሦስቱንም እንጠይቅ። ሰው አገር ለተያዙ ልጆቻችን የምንለምነው ያንኑ አይደል? መንገድ ለመውጣት የምታስቡ የድሮ ተማሪዎቼ ካላችሁ፣ መጀመሪያ አትውጡ እላለሁ። ከወጣችሁና ከተያዛችሁ ደግሞ አስተርጓሚ ሳትጠይቁ «አዎ» አትበሉ። የሆነውን ሁሉ ተናገሩ፤ እግራችሁ የት እንደነበረ ብቻ ሳይሆን ምን ታውቁ እንደነበረም ጭምር።

ሕግ የተማራችሁ ልጆቼ፣ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ አስተምሩን። ሰው ቤት እስረኛ ያለው ዘመድ ካላችሁም ይህን አጋሩለት።

ሰላም ዋሉ።