በስስ አየር የሚለይ ዋንጫ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደውን 64 ኪሎ ሜትር በጭነት መኪና የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይግተለተላል፣ ረዳቱ መኪናው ወደ ኋላ ቢንሸራተት ጎማው ሥር የሚወትፈውን ታኮ ይዞ ለመዝለል ይዘጋጃል። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ ምድጃ ላይ የተጣደ ውሃም 92 ዲግሪ ግድም ሲደርስ መንተክተክ ይጀምራል። ነዳጅ ያለ አየር አይነድምና የሞተሩ ጉልበትም አየሩን ተከትሎ ይወርዳል።

ይህን ያነሣሁት ስለ ሜክሲኮ ልጽፍ ስለሆነ ነው። ፎርሙላ ዋን ከሚካሄድባቸው ሜዳዎች ሁሉ ከፍተኛው የሜክሲኮ ሲቲው ሲሆን ከፍታው 2,240 ሜትር ነው፤ ላሊበላ ትበልጠዋለች። በየዓመቱ ጥቅምት ሲጋመስ ወይም ሲያልቅ፣ ሻምፒዮናው ሊጠናቀቅ ጥቂት ውድድሮች ሲቀሩት፣ መኪኖቹ ወደዚያ ይወጣሉ። በሁለትና በሦስት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የጥቂት ነጥብ በሆነበት ዓመት ወሬው ሁሉ ማን ፈጣን ነው የሚል ይሆናል። ታሪኩን ወደ ኋላ ለሚያይ ግን ትግሉ በጠበበ ቁጥር ጉዳዩ ከሾፌሩ እግር ወጥቶ ወደ ብሎን፣ ወደ ዘይትና ወደ አየር ሲሄድ ይታያል።

በላሊበላ ዙሪያ ያለው የላስታና የዋድላ ደጋ ራሱ እሽቅድምድም ያየው ሞተር ሳይፈጠር ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ ሰባት ቶን የሚጠጋ መድፍ በጋሪ አስጭነው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ከሰሜን ደግሞ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር፣ በሺህ የሚቆጠር የጋማ ከብትና 44 ዝሆን ይዞ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ወደዚያው አምባ ጉዞ ጀመረ። አንዱ በመንኮራኩር፣ ሌላው በዝሆን ጀርባ መሆኑ ነው። ንጉሡ መንገድ ስላልነበረ መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት፤ ድንጋይ ሲነሣ የመጀመሪያው እጅ የእሳቸው እንደነበረ አብረው የተጓዙት አውሮፓውያን ጽፈዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር የተጓዙበት ቀን መልካም ቀን ይባል ነበር። መድፉ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ጨጨሆን ወጣ፣ በዘቢጥ አድርጎ የዋድላን ሜዳ አቋረጠ፣ ወደ ጂጣ ገደል ወረደ፣ ደላንታን ተሻግሮ በሽሎን አለፈ። ስድስት ወር ፈጀ።

ናፒየር በበኩሉ አሸንጌን አልፎ፣ የላስታን ተራሮች ተሻግሮ ዋድላ ደጋ ላይ ሲወጣ አንድ ያልጠበቀው ነገር አገኘ፤ የተጠረገ መንገድ። ቴዎድሮስ ለመድፋቸው ያበጁት ነበር። እንግሊዞቹ ዝሆኖቻቸውንና በቅሎዎቻቸውን ይዘው በዚያው መንገድ ወደ ጂጣ ወረዱ። ባላንጣ በላብ በጠረገው መንገድ መውረድ ይሏል ይህ ነው። ቴዎድሮስ መቅደላ ቀድመው ደረሱ፣ ሴባስቶፖልም አብሮ ደረሰ፤ ጦርነቱን ግን መድፉ አልወሰነውም። በስቅለት ዕለት እሮጌ ላይ ውጊያው ሆነ፣ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

ዛሬ ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውራ ጎዳና በዚያው ደጋ ላይ ይዘረጋል፤ ጨጨሆ፣ ደብረ ዘቢጥ፣ ኮን፣ ጋሸና። በደርግ ጊዜ ቻይናዎች ስለሠሩት ሾፌሮች እስከ አሁን የቻይና መንገድ ይሉታል። እስከዚያ ድረስ ላስታ የበቅሎ አገር ነበር። ጣሊያንም ቢሆን አውራ ጎዳናውን በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን ሲወስደው ላሊበላን በስተ ምዕራብ ትቷት አለፈ። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በበቅሎ የመጣበት ዘዴ ከ400 ዓመት በኋላም ዋነኛው ዘዴ ነበር።

አዲስ አበባ በሞተር እሽቅድምድም ቀድማለች። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ መኪናውን ከጅቡቲ አስነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን እየታገለ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም ናከ የተባለ መኪና ይዞ ያንኑ ግብ አስቦ መጥቷል። ቤንትሊ ቀደመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይውሉ ሳያድሩ መኪናው ላይ ወጡ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደግሞ ሃይላንድ ራሊ የሚባል ውድድር በአገራችን ደጋማ መንገዶች ላይ ይካሄድ ነበር፤ አብዮቱ ሲመጣ እሱም አብሮ ቀረ። ወግ ይዞ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ ኬንያ ሄደን የምናየውን ወልድያ ላይ ቆመን ባየነው፣ እላለሁ አንዳንዴ።

የኬንያው ሳፋሪ ራሊ በ1953 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። የዚህ ውድድር ታላቅ ቁጥር የጊዜ ቁጥር አይደለም። በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች እስከ መጨረሻው የደረሱት 7 ብቻ ናቸው፤ በ1968ም ከ93ቱ 7። ጭቃው፣ ድንጋዩና ከፍታው የቀረውን አስቀሩት። የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርጥ ሾፌሮቻቸውን እየላኩ ለ20 ዓመት ያህል አልተሳካላቸውም። ፊንላንዳዊው ሃኑ ሚኮላ በ1972 እስኪያሸንፍ ድረስ ዋንጫው የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ነበር። ከነሱ አንዱ ጆጊንደር ሲንግ መካኒክ ነበር፤ በ1965 በቮልቮ፣ በ1974ና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር አሸንፏል። መኪናው የቱ ጋ እንደሚሰበር ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከሚሮጠው ሰው ይበልጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮና ደግሞ ሦስት ጊዜ በአፍሪካ ምድር ላይ ተወስኗል። ይህን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። የመጀመሪያው ጥቅምት 19 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ካዛብላንካ ላይ ነው። ስተርሊንግ ሞስ ማሸነፍና ፈጣኑን ዙር መንዳት ነበረበት፤ ሁለቱንም አደረገ። ማይክ ሆውቶርን ግን በቡድኑ ባልደረባ በፊል ሂል ፈቃድ ሁለተኛ ሆኖ ገባና 42 ለ 41 ዋንጫውን ወሰደ። ሞስ በዚያ ዓመት አራት ውድድር ሲያሸንፍ ሆውቶርን ያሸነፈው አንድ ነው። ከዚህ የሚያስገርመው ግን ቀደም ሲል ፖርቱጋል ላይ የሆነው ነው፤ ዳኞች የሆውቶርንን ውጤት ሊሰርዙ ሲሉ ቀርቦ የመሰከረለት ራሱ ሞስ ነበር። ያቺ ምስክርነት ያተረፈችለት ሰባት ነጥብ ባትኖር ውጤቱ ይገለበጥ ነበር። ካዛብላንካ ላይ ሞተሩ ተሰባብሮ መኪናው የተቃጠለበት የሞስ ባልደረባ ሉዊስ-ኢቫንስ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ሆውቶርንም ከሦስት ወር በኋላ በአውራ ጎዳና አደጋ ሞተ።

ሁለተኛው በ1962 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ በደቡብ አፍሪካዋ ኢስት ለንደን ነበር። ጂም ክላርክ ካሸነፈ ሻምፒዮን ነው፤ እየመራም ነው፤ ግራሃም ሂል ከኋላው እየተከተለ ምንም ማድረግ አልቻለም። 20 ያህል ዙር ሲቀር ከክላርክ መኪና ኋላ ሰማያዊ ጭስ ታየ። ከሞተሩ አንዲት ብሎን ወልቃ ወድቃ ዘይቱ እየፈሰሰ ነበር። ሂል ሻምፒዮን ሆነ።

ሦስተኛው በ1983 ጥቅምት ወር፣ ክያላሚ ላይ ነው። ክያላሚ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀለል ይላል። ከአራት ዓመት በፊት የሬኖ ቱርቦ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ፊት ለመሰለፍ የቻለው እዚሁ ነው። ቱርቦ ከጭስ በሚወጣው ኃይል አየሩን ጠርጎ ወደ ሞተሩ ስለሚጨምቅ ሌሎቹ በስስ አየር ሲደክሙ እሱ ይበረታል። የእኛ አገር የኤንፒአር ጭነት መኪና ነጂዎች በዳገት ላይ ቱርቦ ያለውንና የሌለውን በጆሯቸው ነው የሚለዩት። የዕጣ ነገር ሆኖ በ1983 የሬኖው አላን ፕሮስት በ57 ለ55 እየመራ ወደ ክያላሚ መጣ፤ የተሰበረበትም ያው ቱርቦው ነበር። ኔልሰን ፒኬ ሦስተኛ ሆኖ ገባና 59 ለ57 ወሰደው። ሞተሩን ከፍታ ላይ ያበረታው ዕቃ ከፍታ ላይ ጥሎት ሄደ።

ወደ ሜክሲኮ እንመለስ። በጥቅምት 1964 ሦስት ብሪታንያውያን ለዋንጫው ቀርበው ነበር፤ ሂል 39፣ ጆን ሰርቲስ 34፣ ክላርክ 30። ሂል በሰርቲስ ባልደረባ በባንዲኒ ተገጭቶ የጭስ ማውጫው ተጣመመ። ክላርክ ከመጀመሪያው ጀምሮ መራ፤ ሊጠናቀቅ ሁለት ዙር ሲቀር አሁንም ዘይት! በሁለት ዓመት ልዩነት ሁለት ዋንጫ በዘይት ፍሳሽ ያጣ ሌላ ሰው አላውቅም። ባንዲኒ ቦታውን ለሰርቲስ ለቀቀለት፤ ሰርቲስም ሁለተኛ ሆኖ 40 ለ 39 አሸነፈ። በሞተር ብስክሌትም በመኪናም የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ብቸኛ ሰው እስከ ዛሬ እሱ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ያቺው ከተማ ሁለት ነገር በተከታታይ አየች። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ አሸነፈ፤ ጉዳት የነበረበት አበበ ቢቂላ ከመንገድ ወጥቶ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሂል፣ ስቱዋርትና ሃልም ለዓለም ዋንጫ እየተፎካከሩ እዚያው ደረሱ። የአንዱ መኪና ነዳጅ አልመጣለት አለ፣ ሌላው ተጋጨ፣ ሂል አሸነፈ። ለደጋ ልጅ ሳንባ የተመቸው አየር ብረቱን አስነጥሶታል፤ ስለ ሜክሲኮ ከፍታ የተጻፈ ሁሉ ከሁለቱ ውድድሮች አንዱን ብቻ ማየቱ ይገርመኛል።

የቅርቡን በአጭሩ ልበል። ሃሚልተን በ2017ና በ2018 ሻምፒዮንነቱን ያረጋገጠው ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ግን በ9ኛና በ4ኛ ደረጃ። በ2025 ላንዶ ኖሪስ እዚያ አሸንፎ የቡድን ባልደረባውን ፒያስትሪን 357 ለ356 ቀደመ። ቨርስታፐን 36 ነጥብ ወደ ኋላ ነበር፤ ያለቀለት ይመስል ነበር። ላስ ቬጋስ ላይ የኖሪስና የፒያስትሪ ሁለቱም የማክላረን መኪኖች ከሥራቸው የተገጠመው ጣውላ ተፍቆ ውፍረቱ ከሚፈቀደው 9 ሚሊ ሜትር በታች ሆኖ በመገኘቱ ውጤታቸው ተሰረዘ። ኳታር ላይ ደግሞ ቡድኑ ጎማ የሚቀየርበትን ሰዓት አሳለፈ። አቡ ዳቢ ላይ ቨርስታፐን አሸነፈ፣ ኖሪስ ሦስተኛ ሆነ፤ ሒሳቡ 423 ለ421 ለኖሪስ ሆነ።

እንግዲህ ትግሉ ጠብቦ መኪኖቹ ወደ ሜክሲኮ ሲወጡ ምን ይታይ? መጀመሪያ ክንፉ። ሁሉም ትልቁን የሞናኮ ክንፍ ይገጥማሉ፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ግን መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው ኃይል ሞንዛ ላይ በትንሹ ክንፍ የሚያገኙትን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀጥታው ላይ ይበራሉ፤ በ2016 ቦታስ በሰዓት 372.5 ኪሎ ሜትር ነድቷል። ማዕዘኑ ላይ ግን በሳሙና ላይ እንደሚሄድ ሰው ይንሸራተታሉ። ቀጥሎ ፍሬኑ። ስስ አየር አያቀዘቅዝም። ሌላ መኪና ከኋላ ተጠግቶ ብዙ ዙር የሚከተል ሰው ፍሬኑና ሞተሩ ይግልበታል፤ መሐንዲሱም ወደ ጎን ውጣና አየር አግኝ ይለዋል። በነጥብ የሚመራ ሾፌር ይህን ሲሰማ ልቡ ሁለት ይሆናል።

ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንቡ ተቀይሯል። ቱርቦውን በኤሌክትሪክ ያሽከረክር የነበረው ክፍል ቀርቷል፣ የኤሌክትሪኩ ጉልበት ግን ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አድጓል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ አይገባውም። እንግዲህ ቱርቦውን በስስ አየር ቶሎ የሚያነቃ ፋብሪካ ይጠቀማል ብዬ እገምታለሁ፤ ባትሪውን ማቀዝቀዝ ያልቻለ ደግሞ የመጨረሻው 71ኛው ዙር ሳይደርስ ጉልበቱን ይጨርሳል።

መነሻውም ቀላል አይደለም። ከመስመሩ እስከ መጀመሪያው ማዕዘን 800 ሜትር ያልፋል፤ በ2021 ከሦስተኛ የተነሣው ቨርስታፐን ፍሬኑን ዘግይቶ ይዞ ከውጭ በኩል ሁለቱን መርሴዲሶች አልፏቸዋል። ሻምፒዮናውን የሚመራ ሰው እዚያ ከተጋፋ የሚያተርፈው ጥቂት፣ የሚያጣው ብዙ ነው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ሦስተኛ ሆኜ እወጣና ፍሬኔን እጠብቅ ነበር።

ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ግድም ስለሚጀምር የሚያበቃው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ባንዲራው ሲወርድ ቴሌቪዥኑን ቶሎ ማጥፋት አይገባም፤ የላስ ቬጋሱ ስረዛ የተነገረው ውድድሩ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ነበር።