ወደ ፊት ሂጂ፣ ወደ ቀኝ ዙሪ፦ በኮምፒውተር ቅርጽ የመሣል አጭር ታሪክ

ለሴት ልጆቻችን «ኮዲንግ» ይማሩ የሚል ሐሳብ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ሲነሳ ብዙዎቻችን ዝም አልን። ኮምፒውተር በሌለበት፣ መብራትም በሚጠፋበት በዛሪማ ይህ ለምን ይረባል? መልስ ከመስጠታችን በፊት ነገሩ ከየት እንደተነሳ ለማወቅ ፈለግን።

እ.ኤ.አ. በ1967 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ «ሎጎ» የተባለ የልጆች የኮምፒውተር ቋንቋ ተሠራ። ከሠሩት መካከል በደቡብ አፍሪካ የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ሲይሞር ፓፐርት፣ ዋሊ ፎርዛይግ እና ሲንቲያ ሰለሞን ይገኛሉ። ሲንቲያ በኮሌጅ ያጠናችው ታሪክን ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው በጸሐፊነት ተቀጥራ ስትሠራ፣ በራሷ ጥረት ነበር።

ሎጎ መጀመሪያ የሚሠራው በቃላት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ኤሊ» ተጨመረች። ኤሊዋ ብዕር የተገጠመላት፣ ወለል ላይ የምትሄድ ማሽን ነበረች፤ ልጆች ያዘዟትን እየፈጸመች መስመር ታሰምራለች። ቆይታም ወደ ስክሪን ገባች።

በሊማሊሞ ወደ እኛ የወረደ ሰው የኤሊዋን ሥራ ለመረዳት አይቸገርም። ሾፌሩ መንገዱን ከላይ ሆኖ አያየውም፤ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ደግሞ ይሄዳል። ኤሊዋም እንዲሁ ናት። ካሬ ለመሣል ትእዛዙ «4 ጊዜ ድገሚ፤ 100 እርምጃ ወደ ፊት፣ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ» የሚል ብቻ ነው።

ፓፐርት ቅርጹ እምቢ ያለውን ልጅ «ራስህ ኤሊ ሆነህ ሂድበት» ይል ነበር። እኛም በግቢያችን ሞከርነው። አንዲት ልጅ ከሥሩ የተበሳ ጣሳ ሙሉ አመድ ይዛ ኤሊ ሆነች፤ እናቶች አዘዝን። ካሬው ወዲያው ወጣ። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ላይ ግን ተሳሳትን። የውስጥ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ስለሆነ 60 ዙሪ አልናት፤ ልጅቷ ወደ አጥሩ ሄደች እንጂ ወደ ተነሳችበት አልተመለሰችም።

ያረመችን ስፌት የምትሰፋ እናታችን ናት። «ዙሩ ካልገጠመ ቆጠራው ነው የተሳሳተው» አለች። እውነቷን ነው። ኤሊዋ ዞራ በመጀመሪያ ወደነበረችበት ስትመለስ በድምሩ የምትዞረው 360 ዲግሪ ነው፤ ለ3 ሲካፈል 120 ይሆናል። ለ6 ጎን 60 ነው። 1 እርምጃና 1 ዲግሪ 360 ጊዜ ቢደጋገም ደግሞ ክብ ይመስላል። መሶብ ስንሰፋ ጌጡ እንዲገጥም ስንቆጥር የኖርነው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኤሊዋ ወደ አገራችንም መጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮጀክት በሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲሰጡ፣ ኤሊዋ ከፕሮግራሞቻቸው አንዷ ነበረች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው አገር አቀፍ ሥልጠና ተጀመረ። እሱ ግን በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው። መሣሪያና መስመር የሌላት ልጅ በሩ ተከፍቶ ሳለ ውጭ ትቀራለች። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር እስኪመጣ ላለመጠበቅ ወስነናል። ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችን በግቢው ውስጥ፣ በአመድና በእርምጃ ይማራሉ፤ ትእዛዛቸውንም በደብተር ይጽፋሉ። ኤሊዋ ዛሬም ፓይተን በተባለው ነፃ የኮምፒውተር ቋንቋ ውስጥ አለች፤ አንዴ ከተጫነች ኢንተርኔት አትፈልግም። ሊደግፉን ለሚሹ ወዳጆቻችን የምንለው አጭር ነው፦ ያገለገሉ ሁለት ላፕቶፖች ለመጀመሪያ ይበቁናል። ሲደርሱን ልጆቻችን ደብተራቸውን ይዘው ይጠብቋቸዋል።